በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ወደ ጀውሃ

የጣርማ በርን ዋሻ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል። ጊዜው ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ የኮሮና ጭንብሎች አገጭ ላይ ተንጠልጥለዋል። የጆሮ ማዳመጫዬን የግራ ጫፍ እናቴ፣ የቀኙን እኔ ሰክተን አንድ ሙዚቃ እየሰማን ነው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ይሄማ አኮርዲዮን ነው!» አለች እናቴ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚያደርገው ጮክ ብላ። ከፊታችን የተቀመጡት አዛውንት ዞረው አዩዋት።

«አዎ እማዬ፤ ቀስ በዪ።»

«አኮርዲዮን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!»

የምንሄደው ወደ ጀውሃ ነበር። ሸዋ ሮቢትን አልፎ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ብዙ መንገደኛ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ትንሽ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። እዚያ ለሰባት ወር በየማታው ያወራሁት፣ ግን አንድም ቀን በዓይኔ ያላየሁት ሰው አለ። እናቴ የተከተለችኝ አገር ለማየት አይደለም። «በስልክ የተዋወቅሽውን ሰው ብቻሽን አታዪም» ብላ ነው። ደመወዝተኛ ነኝ፣ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ ቢሆንም አልተከራከርኳትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤታችን ከቤት እንድንሠራ አደረገን። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ገበያ ሲቆም ሥራዬም ቆመ። ቀኑ አልገፋ ሲለኝ ቴሌግራም ላይ የድሮ ዘፈን የሚለዋወጡ ሰዎች ስብስብ ውስጥ ገባሁ። እሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሌላው ሰው ዘፈን ለጥፎ ዝም ሲል፣ እሱ ከዘፈኑ ሥር ሁለት መስመር ይጽፋል። ማን ተጫወተው፣ ለምን እንደሚወደው፣ የት ሆኖ እንደሰማው። «ማሾ ማሳ ውስጥ» ይላል። የግብርና ባለሙያ ነው።

መጀመሪያ በስብስቡ ውስጥ መለስኩለት፤ ቀጥሎ በግል። በግንቦት የጽሑፍ መልእክቱ ወደ ድምፅ መልእክት ተቀየረ።

አንድ ማታ ደግሞ ከድሮው ዘፈን ጋር የማይገናኝ ነገር ላከልኝ። 100 ጌክስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት «1000 ጌክስ» የሚል አልበም ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ግን ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት። ድምፃቸው በኮምፒውተር ቀጥኖ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርይ ይመስላል። ከበሮው ይሰነጠቃል፤ ዜማው ሲጣፍጥ ይቆረጥና ሌላ ይጀምራል። ሃይፐርፖፕ ይሉታል። ስቱዲዮ፣ ባንድና አሳታሚ የሌላቸው ወጣቶች መኝታ ቤታቸው ውስጥ በላፕቶፕ ሠርተው በኢንተርኔት የሚለቁት ሙዚቃ ነው። ያንን አልበም ሲሠሩ አንደኛዋ ቺካጎ፣ ሌላኛው ሎስ አንጀለስ ነበሩ። የየራሳቸውን ቁራጭ በኢንተርኔት እየተላላኩ ነው የገጣጠሙት።

«ለምን ላክልኝ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለት ሰው ሳይገናኝ ምን እንደሚሠራ እንድታዪ» አለኝ።

ከአልበሙ ውስጥ «ሪንግቶን» የሚል ዘፈን አለ፤ ለወደዱት ሰው ብቻ የተለየ የስልክ ጥሪ ስለመምረጥ ነው። የዚህ ዘመን ልጆች ፍቅር በሙሉ እዚያች ውስጥ አለ። ስልኩ ሲንጫረር ልብ የሚዘልላቸው፣ የሰውየውን ፊት ሳይሆን የማሳወቂያውን ድምፅ የሚናፍቁ ልጆች ፍቅር። እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም፤ ልቤ መዝለሉን ግን አልተወም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የድምፅ መልእክቶቹ ረጃጅም ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ቴሌግራም ላይ ድምፅን በእጥፍ ፍጥነት የሚያጫውት ምልክት አለ። ያንን ነክቼ ነበር የምሰማው። በእጥፍ ሲሮጥ ቀልዱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሐሳቡ ይቀላጠፋል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራኝ እንኳን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ነው የወደድኩት፤ በእጥፍ ፍጥነት።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ስነቃ ኢንተርኔት የለም። የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር፤ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የአገሩ ሐዘንና ጭንቀት ሌላ ነው፤ በዚያ መካከል የራሴ ትንሽ ጭንቀት ነበረችኝ። የሰውየው ስልክ ቁጥር የለኝም። ሦስት ወር ሙሉ አውርተን አንድም ቀን አልተጠያየቅንም። ኢንተርኔቱ ባይመለስ በዚህ ዓለም ላይ እሱን የማገኝበት መንገድ አልነበረም። የማውቀው ጀውሃ የሚለውን ስም ብቻ ነው። ካርታ ላይ ፈልጌ እንኳን እንዳላየው ካርታውም ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ሲመለስ የመጀመሪያው መልእክቴ ሰላምታ አልነበረም። «ስልክህን ላክ» ነበር። ሁለተኛው «መቼ ልምጣ?» የሚል ነው።

ብቻውን ባንድ የሆነው ሰው

ለጉዞው የሚሆን ሙዚቃ የመረጠልኝ እሱ ነው። «ደብረ ብርሃን ስትደርሺ ክፈቺው፤ ቁልቁለቱን ስትጨርሺ ያልቃል» አለኝ። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነበር።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናት። ከላምበረት መናኸሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈን ለቁርስ ደረስን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሻይ ስንጠጣ ለእናቴ «ኃይሉ መርጊያ እዚህ ነው የተወለደው» አልኳት።

«የዋልያሱ?» አለች። ስሙን ያወቀችው ከእኔ ቀድማ ነው።

ኃይሉ በ1946 እ.ኤ.አ. እዚህ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በሂልተን ሆቴል ሲጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉና ጥቂት ባልደረቦቹ እዚያው ቀሩ። ባንድ በሌለበት አገር አንድ ሙዚቀኛ ምን ያደርጋል? በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ባንድ ሆነ። አኮርዲዮኑን ተጫወተ፤ በላዩ ላይ የሮድስ ፒያኖ፣ በዚያ ላይ ሙግ የሚባለውን ሲንተሳይዘር ደረበ። የከበሮውን ቦታ ለማሽን ሰጠ። ሥራው በካሴት ወጥቶ ኢትዮጵያ ገባ። እሱ ግን ውሎ አድሮ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ባስቀመጠው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ በኢንተርኔት የሚያካፍል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሙዚቀኛውን ፈልጎ ደወለለትና አልበሙ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበምም አወጣ።

አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በማሽን ታግዞ፣ ሩቅ ላለ ሰው ይጫወታል። የሃይፐርፖፕ ልጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እኛም አገር ከእነሱ በፊት ነበር ማለት ነው። ዛሬም አለ። ሮፍናን «ነፀብራቅ»ን በ2010 ዓ.ም. ሲያወጣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ነው የሠራው። እንደገና ሙሉም የአገር ቤት ድምፆችን ከኮምፒውተር ጋር ሲያዋድድ ዓመታት ሆኖታል። መሣሪያው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ያልደረሱበትን ሰው በድምፅ ለመድረስ መሞከር።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ሻይዋን ጨርሳ «ዋናው ነገር ስልክ ተደውሎለት ማንሳቱ ነው» አለች።

ቁልቁለቱ

ከጣርማ በር በኋላ ያለውን መንገድ ያላየ ሰው ካለ፣ በቃል መንገር ከባድ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አለ። ከዋሻው ወዲህ ደጋ፣ ከዋሻው ወዲያ ደግሞ ገደል ነው። መንገዱ ደብረ ሲናን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከጋቢ ወደ ካናቴራ ይገባል።

ኃይሉን ከፍተን ወረድን። ያ የማሽን ከበሮ አይቸኩልም። አኮርዲዮኑ እንደ ሰው ትንፋሽ ያስረዝማል፤ ይመለሳል፤ ያንኑ ይደግማል። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጭጋጉ ተገፈፈ። ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ እናቴ ሁለት ስኒ ገዛች። ከዚያ ጆሯችን ተደፈነ፤ ሙዚቃው ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። ስንውጥ፣ ስናዛጋ ተከፈተ። ጃኬቱ ወለቀ፤ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ቀጥሎ የእናቴ ነጠላ ከትከሻዋ ወረደ። ከፊታችን የነበሩት አዛውንት ጋቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና ወደ እኛ ዞረው «ደረስን፤ አየሩ ነገረኝ» አሉ።

መሃል ላይ «1000 ጌክስ»ንም ለእናቴ አሰማኋት። ሃያ ሰከንድ ታገሠች። «ይሄ ልጅ ጉሮሮው ውስጥ አይጥ ገብታለች እንዴ? በይ ወደ አኮርዲዮኑ መልሺልኝ» አለች።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ሲቆም ሙቀቱ በበሩ ገብቶ ከጎናችን ተቀመጠ። ባጃጅ፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ የፓፓያ ክምር፣ የተቆረጠ ሐብሐብ። ከቆላው የመጡ አፋሮች ግመል ይነዳሉ፤ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይከራከራል። አንዱ በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ሲጠይቅ ሌላው በሌላው ይመልሳል፤ ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። እዚያ ሌላ ሚኒባስ ያዝን። ጀውሃ ለመድረስ ብዙም አልፈጀብንም።

እሱ ሳይሆን ድምፁ ቀድሞ ደረሰኝ

ከመኪና ስንወርድ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ወደ እኛ መጣ። የፕሮፋይል ፎቶው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ግን ቀጠን ብሏል፤ ፊቱ ከፀሐይ ብዛት ጠቁሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ በሙያዬ ፎቶ መርጬ ነው እንጀራ የምበላው። ለሽያጭ የሚወጣ ዕቃ በየትኛው ጎኑ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የራሴንም ፎቶ የመረጥኩት እንደዚያ ነው። ስለዚህ በመልኩ አልተገረምኩም።

የገረመኝ ሌላ ነው። ጎንበስ ብሎ እናቴን በሁለት እጁ ሰላም አለ። «እንኳን … ደህና … መጡ፣ እናቴ። መንገዱ … እንዴት ነበር?»

ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። በጣም ቀስ ብሎ። በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ወንዝ የሚሻገር ያህል ጊዜ አለ። ያ ቀልደኛ፣ ያ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው የት ሄደ? ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ሰው በስልኬ ውስጥ ብቻ ነበር የሚኖረው። እኔ ነኝ በእጥፍ ፍጥነት የሠራሁት።

እውነቱን ልጻፍ፤ ልቤ ቀዘቀዘ። በዚያ ሙቀት ውስጥ። ሰባት ወር የናፈቅሁት ድምፅ በከፊል የኔው ሥራ እንደነበር ማወቅ ያሳፍራል። ወደ ቤታቸው ስንሄድ ምን እንደምለው ጠፋኝ። እሱም ዝም አለ። ያወሩት እናቴና የእሱ እናት ብቻ ነበሩ፤ እነሱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ወገብ ሕመም ተግባብተው ነበር።

ምሳ ቀረበ። ከዚያ ቡና ተቆላ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ከማሳው አቅጣጫ ድምፅ መጣ፤ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሰው ይጮኻል። በዚያ ሰሞን የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ቆላዎች ላይ ወርዶ ነበር። ገበሬው ከነልጆቹ ማሽላና ጤፍ መሃል ቆሞ በጩኸት ያባርረዋል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ከመልእክቶቹ ጀርባ ለሳምንታት ስሰማው የነበረው ነው። ሙዚቃ ከፍቶ እያወራኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀንም «ይሄን ቢት ከየት አመጣኸው?» ብዬ ጠይቄው ስቋል።

ዓይኑ ለምን እንደቀላ ያኔ ገባኝ። አንበጣ ማታ ያርፋል፤ ባለሙያዎቹ የት እንዳረፈ ለማወቅ ያመሻሉ፤ ከንጋት በፊት ተነስተው ይወጣሉ። ለእኔ የሚያወራኝ በዚያ መካከል ተቀምጦ ነው። ያ ረጅም የድምፅ መልእክት፣ እኔ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ያስሮጥኩት፣ የደከመ ሰው ቀስ እያለ የሚተነፍስበት ጊዜው ነበር።

«ይቅርታ» አልኩት።

«የምን?»

ነገርኩት። ምልክቱን፣ እጥፍ ፍጥነቱን፣ ሁሉንም። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁም ቀስ ያለ ነው። «እና አሁን ስሰለችሽ … የት ትነኪኛለሽ?» አለኝ። ቀልደኛው ሰው እዚያው ነበር። መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የእናቴ የብዕር ጓደኛ

ማምሻውን ወደ ወንዙ ወረድን። የጀውሃ ወንዝ ከተራራው ተነስቶ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ይወርዳል። ድንጋዩና አሸዋው ሰፊ ነው፤ ውኃው በመሃሉ ቀጥኖ ይሄዳል። በስተ ምዕራብ ያ የወረድንበት ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

እሱ የአገሩን ታሪክ ያውቃል። የወለስማዎች የይፋት ሱልጣኔት በ1285 እ.ኤ.አ. ከተነሳ በኋላ በዚህ ቆላና ተራራ ጠርዝ ላይ ከተሞች ነበሩ። ንግዱ ከዘይላ ወደብ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። የኖራና የአስበሪ የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሽ እስከ ዛሬ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ የተባለው ዐረብ ጸሐፊ ስለ ይፋት ጽፏል፤ አንድም ቀን ሳይረግጣት። ካይሮ ተቀምጦ ከዚህ አካባቢ የሄዱ ሰዎችን እየጠየቀ ነው የጻፈው። «እንደኔና እንዳንቺ» አለኝ። ከሩቅ ሆኖ ማወቅ በኢንተርኔት አልተጀመረም።

ያኔ ነው እናቴ፣ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ያወራችው።

ወደ አሥራ ሰባት ዓመቷ ገደማ የብዕር ጓደኛ ነበራት። በእሷ ዘመን ወጣቶች አድራሻቸውን በጋዜጣና በመጽሔት እያወጡ ይጻጻፉ ነበር። የእሷው የደሴ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ተጻጻፉ። ፎቶ ተላላኩ፤ እሷ የላከችው ፎቶ ቤት ለብሳ የተነሳችውን፣ የእህቷን ቀሚስ ያለበትን ነው። ደብዳቤ ለመድረስ ሁለት ሳምንት፣ መልሱም እንደዚያው። አንድ «እንዴት ነሽ» አንድ ወር ይፈጃል። ከዚያ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ልጁ እንደሚዘምት ጻፈላት፤ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

«ደሴ ሄደሽ አልጠየቅሽም?»

«በማን አገር? ምን ብዬ? ‹የማላውቀው ልጅ ጠፋብኝ› ልበል?» አለች። ውኃውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ይሄን መንገድ ዛሬ ነው የመጣሁት። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።»

እኔን ልትጠብቅ ብቻ አልነበረም የመጣችው። ስንመለስ የእሱ እናት አንድ ፌስታል ማሾ ሰጡን። የቆላው ገበሬ ለገበያ የሚያመርተው፣ አረንጓዴ ፍሬው ከምስር ከፍ የሚል ጥራጥሬ ነው። «ከጤፍ ቀድሞ ይደርሳል፤ ለቸኮለ ሰው ነው» አለኝ፣ እየሳቀ።

ዝምታው

ቀጥሎ የሆነውን የአካባቢው ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በ2013 መጨረሻ ወራት ላይ ከመድረሳችን በፊት፣ በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ተፈናቀለ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ስልክ ጠፋ። በየሰዓቱ ስደውል ያቺ ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። የድሮ የድምፅ መልእክቶቹን ከፍቼ እሰማ ነበር፤ በራሳቸው ፍጥነት። ትንፋሹን፣ ከጀርባ ያለውን ዶሮ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ። እንዲያልቁ አልፈለግኩም።

እኔ ተስፋ ቆርጬ መደወል ስተው እናቴ አልተወችም። ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ጠዋት ከጸሎት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት አንድ ጊዜ። «እኔ አንዴ ዝም ብያለሁ» ትለኛለች። ደብረ ብርሃን ላይ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቀች፤ ከቆላው የሸሸው ሰው የሚያርፈው እዚያ ነበርና።

አንድ ማታ በማናውቀው ቁጥር ተደወለ። የተደወለው ለእሷ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ «እናቴ … ደህና … ነን» አለ። ከእናቱ ጋር በእግር ወጥተው ደብረ ብርሃን ደርሰዋል። በዚያች ሌሊት ያንን ቀስ ያለ አነጋገር ማንም ቢያፋጥነው እጣላው ነበር።

ያቺው ደብረ ብርሃን፣ ኃይሉ የተወለደባት፣ አሁን ቤታችን ናት። እሱ ሥራ ተቀይሮ እዚያ ነው፤ እኔ በሳምንት ውስጥ ግማሹን አዲስ አበባ እየሠራሁ እመላለሳለሁ። የተጋባነው በእናቴ ግቢ፣ በጥቂት ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ፣ በዘመዶቻችን መካከል ያልደነገጡት ሁለት እናቶች ናቸው። እነሱ ድሮም የሚያወሩት በተራ ስልክ ነበር።

ወላጆች ልጆቻቸው በስልክ ስለሚያውቁት ሰው ሲጠይቁኝ፣ እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያም እንደ ልጅም የምለው ጥቂት ነው። አትሳለቁበት፤ ስሜቱ የእውነት ነው፤ እናንተም በብዕር አሳልፋችሁታል። ግን ስክሪኑ ግማሹን ብቻ እንደሚያሳይ፣ ሌላውን ግማሽ ልጁ ራሱ እንደሚሞላው ንገሩት። የመጀመሪያው መገናኘት በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጋር ይሁን። ስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ስም ሳይታወቅ ወር አይለፍ።

ወደ ይፋት መሄድ የሚያምረው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ፤ ይህ ለወግ የምጽፈው ምክር አይደለም። ቀኑ ሲፈቅድ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። ለደጋው ጃኬት፣ ለቆላው ስስ ልብስ፣ ለልጆች ብዙ ውኃ ይያዝ። ጣርማ በር ላይ ለማየት ቁሙ። ሙዚቃችሁን ደብረ ብርሃን ላይ ክፈቱ።

እኛ ጀውሃ ከሄድን ቆየን። የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ናቸው፤ ቤታቸውን ጎረቤት ይጠብቃል። ከዚያ ፌስታል ማሾ እናቴ ግማሹን ቀቅላ በልታለች፤ ግማሹን በጠርሙስ አድርጋ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ዘር ነው፤ ስንወርድ እዘራዋለሁ» አለችኝ። መቼ እንደምንወርድ አልነገረችኝም። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ መልስ ሊሰጣት ጀመረ። ሁለታችንም እስኪጨርስ ጠበቅነው።